በ2.5 ሽቦ ላይ ስንት አምፔር ብሬከር ይግባ?

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ይጠይቁኛል፤ ደሴ ላይ ቤት የሚሠሩ ዘመዶቼ ደውለው ይጠይቁኛል፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የእንጨት ሥራ ያለው ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ይጠይቀኛል። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ይኸው፦ በቱቦ ውስጥ ለሚሄድ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ተራ የቤት ሶኬት መስመር 16 አምፔር። 20 የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፤ ግን ስሌት ይፈልጋል። 25 እና 32 በዚህ መስመር ላይ ቦታ የላቸውም።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ መሄድ ግን አያዋጣም። ቁጥሩን የያዘ ሰው ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ይጠራጠረዋል። ምክንያቱን የያዘ ሰው መስመሩን ይጠራጠራል። ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ይኸው ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ብዙ ሰው ብሬከርን የዕቃ ጠባቂ ያደርገዋል፤ ቴሌቪዥኑ እንዳይቃጠል፣ ፍሪጁ እንዳይበላሽ የተቀመጠ ይመስለዋል። ብሬከሩ ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ ምን እንደተሰካ አያውቅም። የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ በአምፔሩ ልክ አይጨምርም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሱቅ የምንገዛው ተራ የቤት ሽቦ ልባሱ ፒቪሲ ነው፤ የፒቪሲ ሽቦ መዳቡ ለዘለቄታው ሊደርስበት የተፈቀደለት ሙቀት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ወዲያው አይነድም። ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዓመታት በኋላ ፌዙና (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ኒውትራሉ (መመለሻው) ይገናኛሉ። ዛሬ ትልቅ ብሬከር የገባበት ቤት ዛሬ ስላልተቃጠለ "ይኸው፣ ምን ሆነ?" የሚባለው ለዚህ ነው።

ደንቡ ራሱ አጭር ነው። እኛ አገር የምንጠቀምባቸው በስኩዌር ሚሊ ሜትር የሚለኩ ሽቦዎችና በሐዲድ ላይ የሚሰኩ ብሬከሮች የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ቤተሰብ ናቸው፤ የዚያ ቤተሰብ የሕንፃ ዝርጋታ ደንብ አይኢሲ 60364 ይባላል። ከመጠን ያለፈ አምፔርን በሚመለከተው ክፍሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕቃዎቹ የሚስቡት አምፔር ከብሬከሩ ቁጥር አይበልጥ፤ የብሬከሩ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ከሚሸከመው አይበልጥ። ሁለተኛ፣ ብሬከሩ በእርግጠኝነት የሚወርድበት አምፔር ሽቦው ከሚሸከመው ከ1.45 እጥፍ አይለፍ።

ሁለተኛዋን ሰው አያነብባትም። "በእርግጠኝነት የሚወርድበት" ለምን ተባለ? 16 የተጻፈበት ብሬከር በ16.1 አምፔር አይወርድማ። ለቤት ብሬከሮች የወጣው አይኢሲ 60898 እንደሚለው፣ ብሬከር ከተጻፈበት 1.13 እጥፍ እየተሳበበት አንድ ሰዓት መቆም አለበት፤ 1.45 እጥፍ ሲሳብበት ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ መውረድ አለበት። ለ16 አምፔር ብሬከር ይህ 18 እና 23.2 አምፔር ነው። 18 እየሳባችሁ ባይወርድ ብሬከሩ አልተበላሸም። 22 እየሳባችሁ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ቢወርድም አልተበላሸም። 25 እየሳባችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቢወርድ ደግሞ የተቀመጠበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው። ውስጡ ያለው ሁለት ብረት የተጣበቀበት ምላስ እስኪሞቅና እስኪጎብጥ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ደሴ ልውሰዳችሁ፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወዳለ አንድ ቤት። ቆርቆሮ ክዳን፣ የጨርቅ ኮርኒስ፣ ከጓሮ ሰርቪስ። ሰው ተልኮብኝ ሄድኩ። የቤቱ እመቤት ጠና ያሉ እናት ናቸው። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግራቸው ቆይቶ አንድ ኤሌክትሪሽያን ቀይሮላቸው ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ መውረዱን ትቷል። እኔን የጠሩኝ ግን ሌላ ነገር ስለሸተታቸው ነው።

"ልጄ፣ እንጀራ ስጋግር ከላይ የላስቲክ ሽታ ይመጣብኛል። ልጁ 'አብሽሪ እማማ፣ ትልቅ አስገብቼልሻለሁ፣ ከእንግዲህ አይወርድም' ብሎኝ ነበር።"

"ድሮ የሚወርደው መቼ መቼ ነበር እማማ?"

"ምጣዱ ብቻውን ሲሆን ምንም አይለኝ። እየጋገርኩ ስቶቩ ላይ ሻይ የጣድኩ እንደሆነ ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ድርግም።"

ይህን ሲሉኝ ቦርዱን ሳልከፍት ነገሩ ገባኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 15.9 አምፔር። ለ16 ብሬከር ልክ አፉ ላይ ነው፤ ቢሆንም ይይዘዋል። ስቶቩ 2,000 ዋት ነው፤ 9.1 አምፔር። ሁለቱ አንድ ላይ 25። የድሮው ብሬከር "ጥቂት ቆይቶ ድርግም" ማለቱ ከላይ የጻፍኩትን ደንብ ቃል በቃል መፈጸሙ ነበር። እማማም ምንም ሳያዛንፉ ነገሩኝ። ኤሌክትሪሽያኑ የጠየቃቸው አይመስለኝም።

ቦርዱን ከፈትኩ፤ 32 አምፔር። ከእሱ የሚወጣው ሽቦ 2.5 ነው። ከኮርኒስ በላይ ወጥተን ሽቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ጀንክሽን ቦክስ ስንከፍተው የፌዙ ቀይ ልባስ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ በጥፍሬ ጫን ስለው እንደ ደረቅ ልጣጭ ተፈረፈረ። መጋጠሚያው ላይ የተጠመጠመው ቴፕ ሙጫው ፈስሶ የቦክሱን ወለል አጥቁሮታል። ከዚያች ቦክስ የሚወጣው ቱቦ ውስጥ ደግሞ ሦስት መስመር ነው የታጨቀው፦ የወጥ ቤቱ፣ የመኝታ ቤቱና የሰርቪሱ።

እዚህ ላይ ነው "2.5 ስንት ይሸከማል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የማይኖረው። የአይኢሲ ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ ወይም በግድግዳ ውስጥ ባለ ቱቦ የሚሄድ ባለ ፒቪሲ 2.5 መዳብ 24 አምፔር ይሸከማል ይላል። 1.5 ለሆነው 17.5፣ 4 ለሆነው 32፣ 6 ለሆነው 41። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆንና ቱቦው ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ሲኖር ነው። ሁለት መስመር ከሆነ በ0.8 ይባዛል፤ ሦስት ከሆነ በ0.7። በአንድ ጋቢ ውስጥ ሦስት ሰው እንደመተኛት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ስለዚህ 24 የነበረው በ0.7 ሲባዛ 16.8 ይሆናል። ይህ ሽቦ 16.8 ብቻ የሚሸከም ሆኖ ሳለ 25 ይሳብበታል፤ በላዩ የተቀመጠው ጠባቂ ደግሞ 36 አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢሳብ እንኳ እንዳይወርድ ሆኖ የተሠራ ነው።

ቱቦው ውስጥ ብቻውን ቢሆንስ? ያኔም አያድነውም። 24 አምፔር ከ30 ዲግሪ ተነስቶ መዳቡን 70 ላይ ያደርሰዋል፤ ማለትም የ40 ዲግሪ ጭማሪ ነው። 36 አምፔር የ24 አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ሙቀቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል፤ ጭማሪው 90 ዲግሪ። 30 ላይ ሲደመር በግርድፉ 120 ዲግሪ። ውሃ ከሚፈላበት በላይ የሞቀ መዳብ በቆርቆሮና በጨርቅ ኮርኒስ መካከል፣ እንጨት ተደግፎ ይውላል። ብሬከሩ ደግሞ ምንም ችግር አላየም።

ስለ አየሩም ልጨምር፤ እኛ አካባቢ ላይ ትርጉም አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ፤ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ሰው አውልቆ ነው የሚደርሰው። ሽቦም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዡ ለ25 ዲግሪ 1.06 ይሰጣል፤ ለ35 ዲግሪ 0.94። ሦስት መስመር ባለበት ቱቦ 2.5 ሽቦ ደሴ ላይ በ25 ዲግሪ 17.8 አምፔር ይሸከማል፤ ኮምቦልቻ በ35 ዲግሪ ቀን 15.8። አንዱ ጋ የ16 ብሬከር ያልፋል፤ ሌላው ጋ ያው ሽቦ፣ ያው ቱቦ፣ ያው ብሬከር በጥቂት አያልፍም። ደሴዎች ግን "እኛ ብርዳም ነን" ብላችሁ እንዳትዝናኑ። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮና ኮርኒስ መካከል ያለው አየር የደሴ አየር አይደለም። እዚያ ውስጥ ሙቀቱን 40 ብላችሁ ያዙ፤ ማባዣው 0.87 ነው። የእማማ ቤት ሽቦ በዚህ ሲሰላ 24 በ0.87 በ0.7፤ ውጤቱ 14.6 ነው። ማለትም የድሮው 16 እንኳ ለዚያ ቱቦ ይበዛ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፤ የቤት ብሬከር ደረጃ የተጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ዕቃ የማቀዝቀዝም፣ ብልጭታ የማጥፋትም አቅሙ ይቀንሳል። ለቤት መስመር ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ደሴ ላይ ትልቅ ሕንፃ የምትሠሩ ግን የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ላይ የሠራ ዲዛይን እንዳለ ደሴ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ማንም ይህን አያነሳም።

የእማማ ቤት እንዴት ተፈታ? ትልቅ ብሬከር አላስፈለገም። ለምጣዱ ከቦርድ የሚነሳ የራሱ መስመር በ4 ሽቦ፣ በራሱ ቱቦ ተዘረጋ። 32 በ0.87፤ 27.8 ይሸከማል። በላዩ 20 አምፔር ብሬከር ተቀመጠ። 15.9 ከ20 ያንሳል፤ 20 ከ27.8 ያንሳል፤ ሰንሰለቱ ተያያዘ። የተቃጠለው የወጥ ቤት ሽቦ በአዲስ 2.5 ተተክቶ እሱም ለብቻው ወጣ፤ በላዩ 16 ገባ። አሮጌው ቱቦ ውስጥ ሁለት መስመር ቀረ፤ 24 በ0.87 በ0.8 ሲባዛ 16.7 ነው፤ ለመኝታ ቤቱ 16 ያልፋል።

ሰርቪሱ ግን ጉድ ነበረው። ቱቦ ውስጥ ያለው 2.5 ነው፤ ከቤቱ ኋላ ግድግዳ ሲወጣ ግን አንድ ሰው 1.5 ቀጥሎበት ጓሮውን አቋርጦ 40 ሜትር ያህል ወስዶታል። ቦርድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው 2.5 ነው ብሎ ነው 16 የሚያደርግበት። ብሬከር የሚመረጠው ግን በመስመሩ ላይ ላለው ለቀጭኑ ሽቦ ነው። ርዝመቱም ሌላ መዘዝ አለው። ብሬከር ሾርት (ፌዝና ኒውትራል በቀጥታ ሲነካኩ) ሲገጥመው በቅጽበት የሚወርድበት ሌላ ክፍል አለው፤ በማግኔት የሚሠራ። ቢ የተጻፈበት ከቁጥሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ሲ የተጻፈበት ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ዲ የተጻፈበት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ሲደርስበት ነው የሚወርደው። ሲ16 ማለት በቅጽበት መውረዱን እርግጠኛ የምትሆኑት 160 አምፔር ሲደርስ ነው። የ1.5 መዳብ ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ በኪሎ ሜትር 12.1 ኦም ነው፤ 40 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 80 ሜትር፤ ወደ 0.97 ኦም። ከትራንስፎርመር እስከ ቤት ያለውን ግማሽ ኦም ብለን እንያዘው። 220 ለ1.47 ሲካፈል 150 አምፔር። ሰርቪሱ ውስጥ ሾርት ቢፈጠር ሲ16 በቅጽበት ለመውረዱ ዋስትና የለም። 1.5 ሽቦ ደግሞ 150 አምፔር የሚችለው ለ1.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሲ10 ብታደርጉት 100 ይበቃዋል፤ ከ150 በታች ነው፤ ቀጭኑንም ሽቦ ይመጥናል። ሰርቪሱ የተከራየው ልጅ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ነው ያለው፤ 10 ይተርፈዋል። ስቶቭ እንዳይሰካ ግን ተነግሮታል፤ ከሰካም ብሬከሩ ይነግረዋል።

ተማሪዎቼ ከቪዲዮ እያዩ የሚያመጡት የአሜሪካ ቁጥርም አለ፤ እዚያ ሽቦ የሚለካው በጌጅ ነው። "ቲቸር፣ እነሱ እኮ በ12 ጌጅ ላይ 20 ነው የሚያስገቡት፤ 12 ደግሞ የእኛ 2.5 ነው።" አይደለም። 12 ጌጅ 3.31 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ጌጅ 2.08። የእኛ 2.5 በሁለቱ መካከል ያድራል፤ የሚቀርበውም ለ14 ነው። የአሜሪካው ኮድ ኤንኢሲ በአንቀጽ 240.4(ዲ) ለትናንሽ ሽቦዎች ጣሪያ አስቀምጧል፦ ለ14 መዳብ 15 አምፔር፣ ለ12 ደግሞ 20፣ ለ10 ደግሞ 30። የሚገርመው የራሱ ሠንጠረዥ በ75 ዲግሪ ዓምድ ለነዚሁ ሽቦዎች 20፣ 25 እና 35 ይሰጣል። ሠንጠረዡ የሚሸከሙትን ይናገራል፤ አንቀጹ ደግሞ "ቢሸከሙም ብሬከሩ ከዚህ አይለፍ" ይላል። ሠንጠረዡን ብቻ አንብቦ አንቀጹን የዘለለ ሰው እዚያም አገር ይሳሳታል።

የአይኢሲ ደንብ እንዲህ ያለ ቋሚ ጣሪያ የለውም፤ አስልተህ ድረስ ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ምረጪ ብባል ለቤት ሥራ የጣሪያውን ሐሳብ እመርጣለሁ። እውነቱን እንናገር፤ ስንት ኤሌክትሪሽያን ነው ማባዣ ይዞ ኮርኒስ ላይ የሚወጣው? ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስጨብጣቸው ልማድ ይህ ነው፦ 1.5 ላይ 10፣ 2.5 ላይ 16፣ 4 ላይ 20፤ 6 ብቻውን በራሱ ቱቦ ከሄደ 32። ከዚህ በላይ ለማለፍ የፈለገ ወረቀት ላይ አስልቶ ያሳየኝ። ከዚህ በታች መውረድ የሚገባበት ቦታም አለ፤ አሁን እንዳየነው። የአገራችንን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ ሁላችሁም ፈልጋችሁ አንብቡት።

ወደ ኮምቦልቻው እንጨት ሠሪ እንምጣ፤ የእሱ ክርክር ደህና አድርጎ አሳስቦኛል። "አንቺ 2.5 ላይ 25 አይገባም ትያለሽ፤ የእኔ መላጊያ ማሽን ግን በ2.5 ነው የተዘረጋው፣ 25 ነው ያለበት፣ የሠራው ሰውም ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ጎበዝ ነው" አለኝ። ሄጄ አየሁት። ማሽኑ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት፣ 5.5 ኪሎ ዋት ሞተር ነው፤ ታርጋው ላይ 11.5 አምፔር ይላል። ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይስባል፤ ወደ 80 አምፔር። ሲ16 ብታስገቡ ማግኔቱ ከ80 ጀምሮ ሊወርድ ይችላል፤ ማሽኑ ሊነሳ ሲል ይዘጋዋል። ሰውዬው 25 ያስገባው ለዚህ ነው። 2.5 ሽቦ በሦስት ፌዝ በቱቦ 21 አምፔር ይሸከማል፤ 25 ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ ጥፋት ነው?

አይደለም። ሞተሩን ከሚያስነሳውና ከሚያቆመው ማብሪያ (ኮንታክተር) ሥር 11.5 ላይ የተስተካከለ፣ ሞተሩ ከዚያ በላይ መሳብ ሲያበዛ የሚያቆመው የኦቨርሎድ ሪሌ አለ። ደንቡ ከመጠን በላይ ጭነትንና ሾርትን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ሾርትን የሚጠብቀው መስመሩ መነሻ ላይ መሆን አለበት፤ ጭነትን የሚጠብቀው ግን በመንገዱ ላይ ወይም ማሽኑ ጋ ቢቀመጥ ይፈቀዳል። እዚህ ሪሌው ሽቦውን ከጭነት ይጠብቃል፤ 25ቱ ሾርቱን ብቻ ይይዛል። በአሜሪካውም ኮድ ሞተር ለብቻው የተፈቀደለት መንገድ አለው። ሰውዬው እውነትም ጎበዝ ነው።

ነገር ግን ፈቃዱ ገደብ አለው፦ ከብሬከሩ እስከ ሪሌው ባለው መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ወይም ሶኬት መኖር የለበትም። ዞር ስል ምን አየሁ? ከማሽኑ መስመር መሐል አንድ ፌዝና ኒውትራል ተጠልፎ ግድግዳ ላይ ሶኬት ተተክሏል፤ ዲቫይደር ተሰክቶበታል፣ ዲቫይደሩ ላይ የእጅ መፍጫና የሻይ ማፍያ። ያ ሶኬት ከሪሌው በፊት ነው ያለው። የሚጠብቀው 25ቱ ብቻ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ የእንጨት ብናኝ። "ማሽንህ ትክክል ነው፤ ሶኬትህ ነው ጥፋቱ" አልኩት። ወላሂ ዛሬውኑ አስነቅለዋለሁ አለኝ፤ ማስነቀሉን ሄጄ አይቻለሁ።

ይህን ሲሰማ አንድ ብልህ ተማሪ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ "ቲቸር፣ ምጣድም እኮ ከ15.9 በላይ አይስብም፤ ሞተር አይደለም፣ አይጨናነቅም። ታዲያ የጭነት ጥበቃ ለምን አስፈለገው?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሽቦው ጋር በቋሚነት የታሰረ ማሞቂያ ቢሆን ደንቡም ይህን ክርክር ይሰማል። የእኛ ምጣድ ግን በሶኬት ነው የሚሰካው። ሶኬት ላይ ዛሬ ምጣድ፣ ነገ ዲቫይደር ነው። ብሬከሩ የሚሰላው ሶኬቱ ሊያስተናግድ ለሚችለው ሁሉ ነው።

ሽቦ ስትገዙም ተጠንቀቁ። እኔ ወደ ፒያሳ ስወጣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዤ ነው። ድፍን 2.5 ሽቦ ሲላጥ መዳቡ 1.78 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ 1.5 ደግሞ 1.38፤ 4 ደግሞ 2.26። በቅርቡ 2.5 ተብሎ የተሸጠልኝ ሽቦ ሲለካ 1.6 ሆኖ አገኘሁት፤ ሲሰላ 2 ስኩዌር ሚሊ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ሽቦ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ዋጋ የለውም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መልሱለት። ውፍረት የመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ ነው፤ ዋናው መለኪያ ኦሙ ነው። 100 ሜትር ጥቅልል 2.5 መዳብ 0.74 ኦም አካባቢ መሆን አለበት፤ ጥሩ ሜትር ያለው ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሊለካው ይችላል።

ጥያቄ የምትልኩልኝ እንግዲህ "2.5 ላይ ስንት?" ብቻ አትበሉኝ። በመስመሩ ላይ ያለውን ቀጭኑን ሽቦ፣ ቱቦው ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ፣ ከኮርኒስ በላይ ይሂድ በግድግዳ፣ እስከ መጨረሻው ሶኬት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ በፊት የተጻፈችው ፊደል ቢ ትሁን ሲ፣ መስመሩ ላይ የሚሰካውን ዕቃ ሁሉ ከነዋቱ ጽፋችሁ ላኩ። የቦርዱን ፎቶ ክዳኑ ተከፍቶ ማንሳት የምትችሉ ኤሌክትሪሽያኖች ፎቶውንም ጨምሩ፤ ሌሎቻችሁ ክዳኑን አትንኩ።